መርከቡን ማን ሠራው?
የቫይኪንጎች ታሪክ በዴንማርክና በስዊድን እንዴት እንደሚቀርብ፤ ሂሳዊ አስተያየት

የዓለም ታሪክ በማስተምርበት ዘመን ለቫይኪንጎች የምመድበው ጊዜ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንገቱ የረዘመ መርከብ እሥላለሁ፤ በመርከቡም ላይ አንድ ጢማም ሰው አቆምና ባለሁለት ቀንድ የብረት ቆብ እደፋለታለሁ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም ትምህርቱ ገብቷቸዋል ብዬ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፣ ይህን መርከብ የሠራው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ቫይኪንጎቹ ናቸዋ!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም አፍሮ ተቀመጠ። የልጁ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ እንደ ነበረ፣ የእኔም መልስ መልስ እንዳልነበረ የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2023 በሴፕቴምበር ወር ሁለተኛ አጋማሽ፣ በደቡብ ስዊድን በማልሞ ከተማ የምትኖር የእህቴ ልጅ ጋብዛኝ በእርሷ መኪና አሥር ቀን ያህል ተጓዝን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) ወቅቱ የዛፉ ቅጠል መቅላትና መርገፍ የጀመረበት፣ ማሳው ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ የቀረበት ነበር። በመጀመሪያ ባሕሩን በድልድይ ተሻግረን ዴንማርክን ዞርን፤ ከዚያም ወደ ማልሞ ተመልሰን በስዊድን ምድር ወደ ሰሜን እስከ ስቶክሆልም ዘለቅን። ወደ ኖርዌይ አልሄድንም። በ1904 ከመቃብር ጉብታ ተቆፍሮ የወጣው ዝነኛው የኦሴበርግ መርከብ የሚገኝበት የኦስሎው ቤተ መዘክር ለማስፋፊያ ሥራ በ2022 ተዘግቶ ስለ ነበር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዞ ወሬ ማውራት አይደለም። ቤተ መዘክርም ሆነ ታሪካዊ ስፍራ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ እንደ መጽሐፍም ሊተች ይገባዋል። ስለዚህ ያየኋቸውን ስፍራዎች በሁለት ነጥቦች ለመመዘን እሞክራለሁ። አንደኛው፣ ስፍራው የሚነግረንን ነገር ከምን እንዳወቀው ያሳያል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የማን ታሪክ ተነገረ፣ የማንስ ታሪክ ቀረ የሚል ነው።

ወሬው የማን ነው?

የቫይኪንጎች ዘመን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚገኘው የሊንዲስፋርን ገዳም ከተዘረፈበት ከ793 ጀምሮ፣ የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ በእንግሊዝ ምድር ወግቶ እስከ ሞተበት እስከ 1066 ድረስ ይቆጠራል። ስለዚህ ዘመን በመጀመሪያ የጻፉልን የተዘረፉት መነኮሳት ናቸው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ስለ አቃጣዩ የሚጽፈው ምን ዓይነት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የአይስላንድ ሊቃውንት ያዘጋጇቸው ረጃጅም ትረካዎች ደግሞ በአብዛኛው በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ በመሆናቸው ከዘመኑ በእጅጉ የራቁ ናቸው። ቫይኪንጎቹ ራሳቸው የተዉልን ጽሑፍ ሩን በሚባለው ፊደላቸው በድንጋይ ላይ የቀረጹት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከአንድ ወይም ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። እንግዲህ የቀረውን የሚሞላው ከመሬት የሚወጣው ዕቃ ነው። ዕቃ ግን አይናገርም፤ ሰው ነው የሚያናግረው። ሂስ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ብረቱ የሚሞላው ጉድለት

ከኮፐንሃገን በስተ ምዕራብ በምትገኘው በሮስኪልደ ከተማ፣ በባሕሩ ወሽመጥ ዳር የቫይኪንግ መርከቦች ቤተ መዘክር አለ። በውስጡ አምስት መርከቦች ይታያሉ። እነዚህ መርከቦች በ11ኛው መቶ ዓመት ወደ ከተማዋ የሚወስደውን የውሃ መንገድ ከጠላት ለመዝጋት ሆን ተብለው ስኩልደሌቭ ከተባለ መንደር አጠገብ የሰመጡ ናቸው። በ1962 ቁፋሮ ተደርጎ ወጡ፤ ቤተ መዘክሩም በ1969 ተከፈተ። ሁሉም የጦር መርከቦች አይደሉም። ሁለቱ የጦር፣ ሁለቱ የንግድ፣ አንዱ ደግሞ ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ነው። ይህ ብቻውን የእኔን የሰሌዳ ሥዕል ያርመዋል።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን አቀራረቡ ነው። መርከቦቹ ሲወጡ በብዙ ሺህ የተሰባበረ እንጨት ነበሩ። የተረፈው እንጨት ተገጣጥሞ በቀጭን ብረት ላይ ተቀምጧል፤ እንጨቱ ባለቀበት ቦታ ብረቱ ብቻውን እየሄደ የመርከቡን ቅርጽ ይጨርሳል። ተመልካቹ የትኛው የእውነት እንጨት፣ የትኛው የሊቃውንቱ ግምት እንደሆነ በዓይኑ ይለያል። የጎደለውን በአዲስ እንጨት ሞልቶና ቀለም ቀብቶ ማሳመር ይቻል ነበር። አላደረጉትም። ከጉዞዬ ሁሉ የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ያለውን ያሳያል፤ የጎደለውንም እንደ ጎደለ ያሳያል።

ከአምስቱ ረጅሙ የጦር መርከብ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ነው። የእንጨቱ ቀለበት ሲመረመር ባሉጡ የተቆረጠው በ1042 በአየርላንድ፣ በደብሊን አካባቢ መሆኑ ታወቀ። ቤተ መዘክሩም አምሳያውን በጥንቱ ዘዴ አሠርቶ በ2007 ከሮስኪልደ እስከ ደብሊን በባሕር ላይ አስጉዞታል። እንዲህ ያለውን መርከብ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት የሚገባን እንደዚህ ያለ ሙከራ ሲደረግ ነው። ዛፍ የሚጥል፣ ሳንቃ የሚፈልጥ፣ ብረት አቅልጦ በሺህ የሚቆጠር ምስማር የሚቀጠቅጥ ሰው ያሻል። ሸራው ከበግ ሱፍ የሚሠራ ነበርና ሱፉን የሚሸልት፣ የሚፈትልና የሚሸምን ደግሞ ያስፈልጋል። ከ100 ካሬ ሜትር የሚበልጠውን ሸራ ፈትሎና ሸምኖ ማድረስ ራሱን መርከቡን ከመሥራት የማይተናነስ ድካም ነው። የዚያ ሁሉ ፈታይና ሸማኔ ስም ግን የትም የለም። የልጁ ጥያቄ በጆሮዬ የተመለሰው ያን ጊዜ ነው።

የተሳሳተው ቤት

ከሮስኪልደ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ የትሬለቦር ምሽግ ይገኛል። ምሽጉ በ980 እና 981 ገደማ በንጉሥ ሃራልድ ብሉቱዝ ዘመን የተሠራ ክብ የአፈር ግንብ ነው። የውስጡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 136 ሜትር ሲሆን አራት በሮች አሉት፤ በውስጡም ርዝመታቸው 30 ሜትር የሚጠጋ 16 ቤቶች በአራት በአራት ተደርድረው ነበር። እኛ በደረስንበት ወር ይህ ምሽግና የእርሱ መሰል የሆኑ ሌሎች አራት የዴንማርክ ምሽጎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግበዋል።

ከግንቡ ውጭ አንድ ትልቅ የእንጨት ቤት ቆሟል። ይህ ቤት በ1942 የጥንቱን ቤቶች እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ቆፋሪዎቹ ከግድግዳው ውጭ የተደረደሩ የምሰሶ ጉድጓዶች ስላገኙ ቤቱ ዙሪያውን በረንዳ ነበረው ብለው አሰቡ፤ እንዳሰቡትም ሠሩት። በኋላ በሌላ ምሽግ ጉድጓዶቹ በጥንቃቄ ሲመረመሩ እንጨቶቹ ወደ ግድግዳው ያዘነበሉ ድጋፎች እንጂ የበረንዳ ምሰሶዎች እንዳልነበሩ ተረጋገጠ። የ1942ቱ ቤት ግን አልፈረሰም።

አንዳንዱ ይህን እንደ ነውር ያየው ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን የስሕተቱ ታሪክ አብሮት እስከ ተነገረ ድረስ ቤቱ መቆየቱ ትክክል ነው። ተማሪ ሊቃውንትም እንደሚሳሳቱ፣ ስሕተታቸውንም በማስረጃ እንደሚያርሙ የሚያይበት ሕያው መማሪያ ነው። ችግሩ ታሪኩን የማያውቅ ጎብኚ በቤቱ ፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በረንዳውን የቫይኪንግ በረንዳ ነው ብሎ መሄዱ ነው። የእኔም ባለቀንድ ቆብ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የንጉሡ ድንጋይና የቀጥቃጩ ድንጋይ

ከዚያ ሁለት ባሕር በድልድይ ተሻግረን የሊንግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን። በሁለት ታላላቅ ጉብታዎች መካከል ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በደጁም ሁለት የሩን ድንጋዮች በመስታወት ተከልለው ቆመዋል። ትንሹን ንጉሥ ጎርም ለሚስቱ ለቲራ መታሰቢያ፣ ትልቁን ደግሞ ልጃቸው ሃራልድ በ965 ገደማ ለአባቱና ለእናቱ ያቆሙት ነው። ይሁን እንጂ ሃራልድ ለወላጆቹ ባቆመው ድንጋይ ላይ አብዝቶ የተናገረው ስለ ራሱ ነው። ዴንማርክን ሁሉና ኖርዌይን በእጁ እንዳደረገ፣ ዴንማርካውያንንም ክርስቲያን እንዳደረገ ያስታውቃል። በአንዱ ገጽ ላይም ክርስቶስ እጁን ዘርግቶ፣ በሐረግ ተከብቦ ተቀርጿል።

ድንጋዩ ውብ ነው፤ የዴንማርክ የልደት የምስክር ወረቀት ይሉታል። ነገር ግን በዚያው ዘመን የነበረው ጀርመናዊው ጸሐፊ ቪዱኪንድ ነገሩን በሌላ መልክ ያቀርበዋል። በእርሱ አባባል ንጉሡ ያመነው ፖፖ የሚባል ካህን የጋለ ብረት በእጁ ይዞ ሳይቃጠል በማየቱ ነው። በድንጋዩ ላይ የፖፖ ስም የለም። በቪዱኪንድ መጽሐፍ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ካህኑ ነው። ንጉሥ ሲጽፍ ሥራውን የንጉሥ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጽፍ ሥራውን የቤተ ክርስቲያን ማድረጉ የሚያስደንቅ አይደለም። አስተማሪ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስነበብ አለበት።

ከየሊንግ ወደ ሰሜን፣ በኦርሁስ ከተማ አቅራቢያ የሙስጎር ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ ስለ ሃራልድ ድንጋይ የሚወራውን ያህል የማይወራለት ሌላ ድንጋይ አለ፤ የሆርኒንግ ድንጋይ ይባላል። የተቀረጸው ወደ 1000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። ያቆመው ሰው ስሙ ቶኪ፣ ሥራው ብረት ቀጥቃጭ ነው። ድንጋዩን ያቆመው ለቶርጊስል መታሰቢያ ሲሆን፣ ይህ ሰው ወርቅ እንደ ሰጠውና ነጻ እንዳወጣው ይገልጻል። በአጭሩ ቶኪ ባሪያ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ድንጋይ ፊት ብዙ ቆየሁ። ዴንማርክንና ኖርዌይን ያዝኩ የሚለውን ንጉሥ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የእጅ ስልኮችን የሚያገናኘው የራዲዮ ዘዴ እንኳ ብሉቱዝ ተብሎ የተሰየመው በእርሱ ነው። ስለ ቶኪ ግን ከዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በቀር ምንም አይታወቅም። ሆኖም ያለ ቀጥቃጭ ምስማር የለም፤ ያለ ምስማር መርከብ የለም፤ ያለ መርከብ ደግሞ ሃራልድ ወደ ኖርዌይ አይሻገርም። ቶኪ ራሱ የመርከብ ምስማር ቀጥቅጦ እንደሆነ አናውቅም። ነገር ግን ለልጁ ጥያቄ ከሰማሁት ሁሉ ለመልስ የቀረበው ድምፅ የእርሱ ነው።

«ንግድ» የሚለው ቃል

ወደ ስዊድን ተመልሰን ወደ ሰሜን ስንጓዝ የሩን ድንጋዮች እየበዙ ሄዱ፤ በስዊድን ብቻ ከ2,000 በላይ አሉ። በግሪፕስሆልም ግንብ ደጅ ያለውን ድንጋይ ያቆመችው ቶላ የምትባል እናት ናት። ልጇ ሃራልድ ከኢንግቫር ጋር ወርቅ ፍለጋ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ በደቡብ፣ በዐረቦች ምድር አቅጣጫ እንደ ሞተ ትገልጻለች። ይህ ድንጋይ በ19ኛው መቶ ዓመት እስኪገኝ ድረስ በግንቡ ምድር ቤት የበር መረገጫ ሆኖ ነበር። የዘመቻውን ዝና የሚያወሱ ብዙ ናቸው። ዘመቻው ለአንዲት እናት ምን እንዳተረፈላት የሚነግረን ግን ይህ ሰው ሲረግጠው የኖረ ድንጋይ ነው።

ከስቶክሆልም በጀልባ የሚደረስባት የቢርካ ደሴት ከ8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ታላቅ የገበያ ከተማ ነበረች። ዛሬ ሣርና የመቃብር ጉብታ እንጂ ሌላ አይታይባትም። በ1878 ሃያልማር ስቶልፔ የተባለው ሊቅ ሰይፍ፣ ጦር፣ መጥረቢያ፣ ቀስትና ሁለት ፈረሶች ያሉበት አንድ መቃብር ቆፈረ። መሣሪያው ስለ በዛ የተቀበረው ወንድ የጦር አለቃ ነው ተባለ። በ2017 የታተመ የዘር ምርመራ ግን አጥንቱ የሴት መሆኑን አስታወቀ። ያን ጊዜ፣ መሣሪያ አብሮ መቀበሩ ብቻውን ተዋጊ መሆንን ያረጋግጣል ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሟቹ ወንድ ነው በተባለበት ከ100 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣ አልነበረም። ለአንዱ ወገን የሚጠየቅ ማስረጃ ለሌላውም ካልተጠየቀ ፍርድ ይጓደላል።

በስቶክሆልም የታሪክ ቤተ መዘክር ከሄልጎ ደሴት የተቆፈሩ ዕቃዎች አሉ። ከህንድ አካባቢ የመጣ የቡድሃ ምስል፣ ከአየርላንድ የመጣ የጳጳስ በትር ራስ፣ ከግብፅ ደግሞ የነሐስ ጭልፋ ናቸው። ከአባይ ወንዝ አገር የወጣ ጭልፋ በዚያ በረዶ ምድር ሳገኝ እንደ አገሬ ሰው ቆጠርኩት። ከዚህ በተጨማሪ ከሙስሊም አገሮች የመጡ የብር ገንዘቦች በስካንዲናቪያ ምድር በብዛት ተገኝተዋል። ይህን ሁሉ ብር በምን ገዙት? በጉዞዬ ካነበብኳቸው መግለጫዎች በብዙዎቹ ላይ መልሱ «በንግድ» የሚል ነው። ጠጉራም ቆዳና የባሕር ሙጫ ይዘረዘራሉ፤ ሰው ግን በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በአንዲት ቃል ታልፏል።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ቫይኪንጎች ሰው ማርከው ይሸጡ እንደ ነበር የሚጠራጠር የለም። በቢርካም ሆነ በሄደቢ ገበያ የእግር ብረት ተገኝቷል። የጳጳሱ የሪምበርት ገድል፣ ጳጳሱ አንዲት በሰንሰለት የታሰረች ሴት ለማስለቀቅ ፈረሱን እንደ ሰጠ ይተርካል። በ922 በቮልጋ ወንዝ ዳር የነበረው የባግዳድ መልእክተኛ ኢብን ፋድላን፣ አንድ አለቃ ሲቀበር ባሪያው የነበረች ልጃገረድ አብራው እንዴት እንደ ተገደለች ያየውን ጽፏል፤ ስሟን ግን አልጻፈልንም። መርከቡ በታላቅ አዳራሽ፣ የእግር ብረቱ በጥግ ሲቀመጥ፣ አንድ ነገር ሳይነገር ተነግሯል ማለት ነው።

«ባሪያ ድንጋይ አላቆመም፤ ያልተረፈውን ከየት አምጥተው ያሳዩ?» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ቤተ መዘክር ያልተገኘ ዕቃ ሊፈጥር አይገባውም። መልሱ ግን በሮስኪልደ አለ። እንጨቱ ባለቀበት ቦታ ብረቱ ቅርጹን እንደሚጨርስ ሁሉ፣ «በዚህ ቦታ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ነበሩ» የሚል ባዶ ቦታ ማሳየት ይቻላል። ለእንጨት የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው ቢደረግ ምን ይጎዳል?

ስለ ቀንዱ

ከአንድ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ደጅ የእህቴ ልጅ ባለቀንድ የላስቲክ ቆብ አንሥታ «ጋሼ፣ ቫይኪንግዎ ይኸውልዎ!» አለችኝ። ሳቅሁ፤ አፈርኩም። ቀንዱን ለቫይኪንጎች ያለበሳቸው ዋነኛው ሰው በ1876 በጀርመን አገር በባይሮይት ለታየው የቫግነር ሙዚቃዊ ድራማ ልብስ ያዘጋጀው ካርል ኤሚል ዶፕለር ነው። በኮፐንሃገን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ያሉት ሁለት እውነተኛ ባለቀንድ ቆቦች ደግሞ ከቫይኪንጎች ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የሚቀድሙ የነሐስ ዘመን ዕቃዎች ናቸው። እንግዲህ በሰሌዳዬ ላይ ስሠራ የኖርኩት የአንድ ቲያትር ልብስ ነበር።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ መኪናም መርከብም አያስፈልገውም። ስለ ቫይኪንጎች በሚሰጠው ክፍለ ጊዜ የሃራልድና የቶኪ ድንጋዮች ፍሬ ነገር ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ተማሪዎቹ ማን እንዳጻፈው፣ ለማን መታሰቢያ እንደሆነና ስለ ማን እንዳልተነገረ ይወያዩ። ከዚያም ስለ ሌላ አገርና ዘመን በመጽሐፋቸው የተጻፈውን በዚሁ ዓይን ይመልከቱ። «ንጉሡ ሠራው» የሚል ዐረፍተ ነገር ባገኙ ቁጥር ድንጋዩን ማን ተሸከመ ብለው ይጠይቁ።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ቢያነበኝ ግን የዘገየ መልስ አለኝ። መርከቡን የሠሩት ባሉጥ የጣሉ፣ ምስማር የቀጠቀጡ፣ ሱፍ የፈተሉ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ነጻ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ አልነበሩም። ነጻ ከወጡት ብረት ቀጥቃጮች የአንዱን ስም አውቃለሁ፤ ቶኪ ይባላል። የሌሎቹን አላውቅም። ያን ቀን ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ክፍሉም መሳቅ አልነበረበትም።